ጫፉ እየታየ መመለስ፦ ራስ ደጀንን ለሚወጡ ዝርዝር መመሪያ

ከራስ ደጀን አናት አርባ ሜትር ያህል ሲቀረኝ ተመልሻለሁ። ጫፉ ላይ የተካበው ድንጋይ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር፤ ቀድመውን የወጡ ሁለት ሰዎች ፎቶግራፍ ሲነሳሱም አይቻለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ «አርባ ሜትር ብቻ ቀርቶህ?» ይለኛል። ሜዳ ላይ አርባ ሜትር ከጎረቤት አጥር አይርቅም። እዚያ ግን በእጅም በእግርም የሚቧጠጥ ጥቁር አለት ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ የሌሊቱ በረዶ ገና አልሟሟም፤ የጓደኛዬም ጣቶች መጨበጥ ካቆሙ ቆይተዋል።

ተራራ ስለ መውጣት የሚመክር ሰው ሞልቷል። ስለ መመለስ የሚመክር ግን ብዙም አላጋጠመኝም፤ የተመለሰ ሰው ታሪኩን ስለሚያሳጥር ይመስለኛል። ምሳሌዬ ራስ ደጀን፣ በብዙዎቻችን አጠራር ራስ ዳሽን፣ ይሁን እንጂ የመጨረሻው ክፍል በእጅ የሚቧጠጥ ማንኛውም ተራራ ላይ ነገሩ ያው ነው። የምከራከርለት አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የመመለሱ ውሳኔ ማለቅ ያለበት በዋዜማው ምሽት፣ ጋቢ ተከናንባችሁ ሻይ ስትጠጡ ነው። ጫፉ ሥር ደርሶ የሚያስበው ሰው ሻይ ሲጠጣ የነበረው ሰው አይደለም።

ቦታውን እንወቀው

በአሮጌ ካርታዎች የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ግን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው የእግር መንገድ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር (3,250 ሜትር)፣ በግጭ (3,600) እና በጨነቅ (3,620) በኩል ያልፍና የቧሂትን ማለፊያ 4,200 ሜትር ላይ ይሻገራል። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ድረስ፣ ጉልበት እስኪንቀጠቀጥ ቁልቁል ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ሲል አምቢቆ መንደር 3,200 ሜትር ላይ ያሳድራል። ጫፉ የሚሞከረው ከአምቢቆ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው፤ ወደ 1,350 ሜትር ወጥቶ ያንኑ መውረድ። መንገዱ አብዛኛው ጓሳና ጅብራ የበቀለበት ረጅም ዳገት ነው፤ አለቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሰውየው ጉልበቱን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በመካከል ያለውን ሸለቆ ልብ በሉ። ከአምቢቆ ወደ ጨነቅ የሚመለስ ሰው ከመሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት። ከራስ ደጀን «መመለስ» ማለት ቁልቁለት ብቻ አይደለም፤ ጉልበታችሁን ስትቆጥቡ ይህችን ቀን ጭምር አስቡ።

ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ ደባርቅ የሚገኘውን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ አትነሱ። አይሆንም ካሉ የመጀመሪያው መመለስ እርሱ ነው፤ ከቤት ሳይወጡ መመለስ።

እርምጃ 1፦ የመመለሻውን ሰዓት በዋዜማው ጻፉት

ወረቀት አውጡና ከጨለማው ወደ ኋላ ቁጠሩ። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ነው የምትጠልቀው። ጤነኛ ሰው ከጫፉ ወደ አምቢቆ ለመውረድ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው ስድስት ሰዓት ቢፈጅበት አይገርምም። ከ12 ላይ ስድስት ሲነሳ የሚቀረው ቀትር፣ 6 ሰዓት ነው። እንግዲህ የመመለሻ ሰዓታችሁ ይህ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን ታዞራላችሁ፤ ሃምሳ እርምጃ ቢቀርም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ሞኞች ነን፤ የያዝነው ደግሞ ጫፉን ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ለወረቀት ስጡትና እርሱም የያዘውን አይልቀቅ። እኔ በግራ እጄ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፤ ጓንት ባወለቅሁ ቁጥር ያፈጥብኛል።

የመመለሻ ሰዓት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ከአምቢቆ ሌሊት 11 ሰዓት ብትነሱ እስከ ቀትር ሰባት ሰዓት አላችሁ። 1,350 ሜትሩን ለሰባት አካፍሉት፤ በየሰዓቱ ወደ 200 ሜትር ሽቅብ መውጣት ይጠበቅባችኋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከተነሳችሁ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣ ቢያንስ 3,800 ሜትር ላይ መገኘት አለባችሁ። የስልክ ከፍታ መለኪያ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ በሃያ በሠላሳ ሜትር ቢሳሳት ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም። ብርድ ባትሪውን ስለሚጨርሰው ስልኩን ከደረት ኪስ አታውጡት። 3,800 ላይ ካልደረሳችሁ ከፊታችሁ ያለው መንገድ አየሩ የሚሳሳበትና እግር የሚከብድበት ነው፤ የጠፋውን ሰዓት ማንም እዚያ ላይ አያካክሰውም። ያን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ጓሳው ላይ ቁርስ ብሉ፣ ጭላዳዎቹን እዩ፣ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ማለዳ ምንም አይጎድለውም።

እርምጃ 2፦ ይሉኝታን ቀድማችሁ ፍቱት

በእኛ ሰው ዘንድ ከበረዶውና ከጉሙ ይልቅ የምፈራው ይሉኝታን ነው። ራሱን ያመመው «በእኔ ምክንያት ሰው ከመንገዱ አይቅር» ብሎ ዝም ይላል፤ ጓደኛውም ዝምታውን አይቶ «ደህና ነው» ይላል፤ ሁለቱም መመለስ ፈልገው ሁለቱም ይወጣሉ። ይህን የሚፈታው ስብከት አይደለም፤ ቀድሞ የተያዘ ውል ነው።

የመጀመሪያው ውል፦ ከመካከላችን ማንም «እንመለስ» ቢል ምክንያት አይጠየቅም፤ ከተማ ከተገባ በኋላም መቀለጃ አይደረግም። ሁለተኛው፦ በየዕረፍቱ ስንጠያየቅ የምንጀምረው ከትንሹ ነው። ታላቅየው «እኔስ ደህና ነኝ» ካለ በኋላ ታናሹ «እኔ ግን ዞሮብኛል» እንደማይል ሁላችንም እናውቃለን። በዕድሜ የገፉትን፣ አለቃን፣ ልምድ ያለውን መጨረሻ ላይ አስናግሩ።

ሦስተኛው ስለ ጉርሻ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የጠቀመኝ እርሱ ነው። አስጎብኚውና ስካውቱ (ጠመንጃ ይዞ የሚሸኘው ጠባቂ) እንግዳው ጫፍ ሳይረግጥ ካኮረፈ ጉርሻው እንደሚቀንስ በልምድ ያውቁታል። በዚያ ላይ ከከተማ የመጣን እንግዳ «አይችሉም» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ አምቢቆ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጫፍ ብንደርስም ባንደርስም ጉርሻው አንድ መሆኑን እናገራለሁ። አንድ ጊዜ ይህን ስል አስጎብኚው ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲያስ ነገ የደመናውን እውነት እነግርዎታለሁ» አለኝ። ለካስ እስከዚያች ምሽት ድረስ ለሌሎች እንግዶች የደመናውን ውሸት ሲነግር ኖሯል።

እርምጃ 3፦ ሰውነታችሁ የሚለውን ስሙ

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው «እኛ ደጋ ነን፣ ከፍታ አይነካንም» ይላል። 2,400 ሜትር ላይ መኖር ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ትንሽ ያስቀድማል እንጂ ለ4,500 ሜትር ዋስትና አይሰጥም። ጫፉ ላይ የምትተነፍሱት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታችሁን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ። አሁን መኪና የቧሂትን ማለፊያ ስለሚሻገር የአራት ቀኑን መንገድ በአንድ ቀን ጨርሶ በማግስቱ ጫፉን የሚሞክር ሰው አለ። እግሩን ቆጥቦ ይሆናል፤ ደሙን ግን አላስለመደም።

ራስ ምታት ብቻውን፣ ውኃ ጠጥቶና ጥቂት አርፎ የሚሻል ከሆነ፣ ቀስ ብሎ ለመሄድ ይፈቅዳል። ራስ ምታቱ ላይ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድካም ከተጨመረ የዚያን ቀን ሽቅብ መውጣት አብቅቷል። ሰውየው የሕመም ማስታገሻ ውጦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ ኪኒኑ ሕመሙን ሳይሆን ወሬውን ነው የሚያስቆመው። ዲያሞክስ የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ከፍታን እንዲለምድ ያግዛል፤ እርሱም በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጓደኛ ቦርሳ አይወሰድም። አምቢቆ ላይ የሚቀርበው ጠላና አረቄ ለመመለሻው ቀን ይቆይ።

ሁለት ነገሮች ግን ምክክር አያሻቸውም። አንደኛው የሚዛን መጥፋት ነው፦ የጠረጠራችሁትን ሰው ለጥ ባለ ቦታ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ እንዲሄድ አድርጉት። ከተንገዳገደ፣ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ አንጎሉ ውኃ መቋጠር ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠርና የማያባራ ሳል ነው፤ ይህ ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ አክታው አረፋማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ደግሞ ብሶበታል። ሁለቱም ይገድላሉ፤ የሁለቱም የመጀመሪያ ሕክምና መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። ወዴት እንደምትወርዱ ቀድማችሁ እወቁ፦ አምቢቆ ላይ የታመመን ሰው ወደ ቧሂት ማለፊያ ሽቅብ አትውሰዱት። ወደ መሸሃ ሸለቆ ዝቅ አድርጉትና እዚያ ሆናችሁ መኪናም በቅሎም ፈልጉለት።

እርምጃ 4፦ ሰማዩ

ለዚህ ጉዞ የሚመረጡት ከክረምቱ ማብቂያ እስከ በልግ መግቢያ ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። በእነዚህም ወራት ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ሊጠቁር ይችላል። ደመናው ከሸለቆው እየተነሳ ከእግራችሁ በታች ሲከመር መልኩ ያምራል፤ ፎቶግራፍ አንሱትና ሰዓታችሁን እዩ። መብረቅ ካያችሁ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሠላሳ በታች ከቆጠራችሁ ከሸንተረሩ ውረዱ። ከተንጠለጠለ አለት ሥርና ከዋሻ አፍ አትጠለሉ፤ ደረቅ ይመስላል እንጂ የመብረቅ መንገድ ነው። ጉም ከሆነ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለኝ፦ ያለፋችሁት የድንጋይ ምልክት ዞር ስትሉ ካልታያችሁ፣ የመመለሻ መንገዳችሁ እየጠፋ ነው።

እርምጃ 5፦ አለቱ ላይ፣ «እስኪ ስትወርድ ልይህ»

አሁን ወደ እነዚያ አርባ ሜትሮች ልመለስ። ታኅሣሥ ነበር፤ ሰዓቱ 4 ተኩል አልፏል፤ የመመለሻ ሰዓታችን ገና አልደረሰም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ራስ የሚያመው ሰው የለም። ከላይ በጻፍኋቸው መለኪያዎች ሁሉ አልፈናል ማለት ነው። ስካውታችን ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ፤ ጠመንጃቸውን በአግድም አንግተው፣ በኮንጎ ጫማ፣ እኛ በውድ ቦት የምንንሸራተትበትን አለት እንደ ደረጃ ይሄዱበታል። እኔ ሁለት ቁመት ያህል ቧጥጬ ወጣሁና ቀጣዩን መያዣ ስፈልግ ከታች ድምፃቸውን ሰማሁ፦

«ልጄ፣ ስትወጣ አይቼሃለሁ፤ እስኪ ስትወርድ ልይህ።»

ቀላል መስሎኝ ቀኝ እግሬን ወደ ታች ሰደድሁ። መርገጫው የለም። ሲወጡ ዓይን ፊት የነበረው መርገጫ ሲወርዱ ከሆድ በታች ነው፤ አይታይም። ጫማዬ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው ስንጥቁ ውስጥ ያለውን በረዶ ነበር፤ ጫር አለና ሸሸ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እርሳቸው መጥተው ተረከዜን በእጃቸው ይዘው ድንጋዩ ላይ አኖሩልኝ፤ ሌላውንም እንዲሁ። መሬት ስረግጥ ምንም አላሉኝም። ጓደኛዬን ግን «ጋሼ ደግሞ ጣትዎን ያሳዩኝ» አሉት። አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ጋር ማገናኘት አልቻለም።

ፈተናው ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳላደርገው አለት አልወጣም። አለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሜትር ውጡና እነዚያኑ ሁለት ሜትሮች ውረዱ፤ ፊታችሁን ወደ ድንጋዩ አድርጋችሁ፣ ከአራቱ እጅና እግር ሦስቱን ሳታስለቅቁ፣ አንዱን ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ። ያለ ሰው እርዳታ፣ ያለ መዝለል፣ ያለ መንሸራተት ከወረዳችሁ ቀጥሉ። ካልወረዳችሁ ከላይ ያለውም አይወረድም። የጣቶቹን ፈተናም አትርሱ፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ካልተገናኙ እጁ መያዣ ሆኖ አያገለግልም። እርጥብ የሆነ የስሜን ጥቁር አለት፣ በተለይ ሽበት በመሰለው የድንጋይ ቅርፊት ላይ፣ እንደ ሳሙና ነው።

በዚህ ቦታ በቅንነት የሚሠራ ትልቅ ስሕተት አለ፦ ከላይ ሆኖ የጓደኛን እጅ መሳብ፣ ከታች ሆኖ መግፋት። ተስቦ የወጣ ሰው በራሱ አቅም ሊወርድበት የማይችል ቦታ ላይ ተቀምጧል። ቁልቁል የሚስብ ደግሞ የለም።

ጫፉ ሲቀርብ ዋጋውም የሚረክስ ይመስላል፤ «እስከዚህ ለፍቼ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ስዊድናዊው ዮራን ክሮፕ ከአገሩ በብስክሌት ተነስቶ ኔፓል ድረስ ሄዶ፣ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ኤቨረስትን ሊወጣ ሲሞክር መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ሰዓቱ መሽቶበታል ብሎ ተመለሰ። አህጉር አቋርጦ በብስክሌት ከመጣ ሰው በላይ «ለፍቻለሁ» ማለት የሚችል ማን ነው? ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ተራራ ማዕበል ተነስቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። እርሱ በዚያው ወር እንደገና ሞክሮ ጫፉን ረገጠ።

እርምጃ 6፦ ፊት ሲዞር

ውሳኔው ከተነገረ በኋላ ቶሎ መንቀሳቀስ ያጓጓል፤ ብስጭት እግር ያፋጥናል። አትፍጠኑ። ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጉ፣ ካፖርት ደርቡ፣ በሶ በጥብጡ ወይም ጭኮ ቁረሱ፣ ውኃ ጠጡ። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ አንድ ሰው ይህን ማለቱ አይቀርም፦ «አንተ እዚሁ ጠብቀን፣ እኛ ነክተን እንመጣለን።» አይሆንም በሉት። የሚጠብቀው ሰው ቁጭ ባለበት ይበርደዋል፤ ጉም ከወረደ ለመሞቅ ሲንጎራደድ ከቦታው ይርቃል፤ የወጡትም እርሱን እያሰቡ ይቸኩላሉ። ቡድኑ የሚከፈለው በእያንዳንዱ ክፍል መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካለ ብቻ ነው። አስጎብኚና ስካውት ካላችሁ ይቻላል፤ ያም ቢሆን የሚመለሰው ሕመምተኛ ከሆነ የተሻለው መንገድ መሪ ከእርሱ ጋር ይሂድ።

እርምጃ 7፦ መውረዱ

በመጣችሁበት መንገድ ውረዱ። «በዚህ በኩል ያቋርጣል» የሚል እረኛ እውነቱን ነው፤ ለእርሱ ያቋርጣል። አለቱ ላይ አንድ ሰው ሲወርድ ሌላው በቀጥታ ከሥሩ አይቁም፤ የሚንከባለል ድንጋይ ካለ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። ደካማው ሰው ከፊት፣ ከመሪው ቀጥሎ ይሁን፤ ከኋላ ከሆነ ፍጥነቱን የሚወስኑት ጤነኞቹ ናቸው። አለቱን ስትጨርሱ ምርኩዛችሁን አስረዝሙ፤ ጉልበት ያተርፋል። የግንባር ባትሪ በቀትርም ቢመለሱ ከቦርሳ አይጎድልም።

እርምጃ 8፦ ማታ አምቢቆ ላይ

ጉርሻውን በተስማማችሁት መሠረት፣ ሙሉውን፣ በዚያው ምሽት ስጡ። ቀጥሎ ማስታወሻ ያዙ፦ በየትኛው ሰዓት የትኛው ከፍታ ላይ ነበርን፣ ማን ምን ተሰማው፣ ምን አስመለሰን። ጫፍ ያምረኛል የሚል ካለ ደግሞ ወደ ጨነቅ ስትመለሱ ቧሂት አለ፤ 4,430 ሜትር ነው፤ ከማለፊያው ብዙም አይርቅም፤ እጅ አያስፈልገውም። እኛ በሦስተኛው ቀን ወጣነው፤ ራስ ደጀን ከሸለቆው ማዶ ፊት ለፊት ይታይ ነበር፤ ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶት ቆሎ በላ።

የእኔ ማስታወሻ አጭር ነው፦ «4፡50። 4,510 ሜትር። ስንጥቁ ውስጥ በረዶ፤ መውረድ አልቻልኩም። በሚቀጥለው ጊዜ አምቢቆ ሁለት ሌሊት፣ ወፍራም ጓንት፣ አለቱን ፀሐይ እስኪያሞቀው ቆይቶ መጀመር።» ከሥሩ ጓደኛዬ በዚያው እስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «ኮንጎ ጫማ።»